በጭብጨባ የጸደቀው ኪኒን

ለሥልጠና ሆቴል ተጠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ታሪክ ለማመን ይቸግራችኋል። ተጠርታችሁ የምታውቁ ደግሞ “ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?” ትላላችሁ። ለሁለታችሁም እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። የኪኒኑን ስም የተውኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ስሙን ከጠራሁ በነጻ ማስታወቂያ ሠራሁለት ማለት ነው፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ ከበቂ በላይ ሰው አለው።

ሰብለ እባላለሁ። ያን ጊዜ ቂርቆስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ከተመረቅኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስኳርና ግፊት ሳይ ስለምውል በሽተኞቼን ከነልጆቻቸው ስም አውቃቸው ነበር። እናቴ “አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ያዝ አድርጊው” ስትለኝ ነው ያደግኩት። አለቆች ደግሞ ምላሱን የሚይዝ ሠራተኛ ይወዳሉ። እንዲያም ሆኖ እስከዚያ ሳምንት ድረስ አንድ ጠንካራ እምነት ነበረኝ። አለቆቻችን የሚሳሳቱት ስለማያውቁ ነው፣ በአግባቡ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ያስተካክሉታል ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ይህን እምነት ከየት እንዳመጣሁት ይገርመኛል።

ከበሽተኞቼ አንዱ ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ገና በሩ ላይ ሲደርሱ በባቡሩ ዘመን ፈረንሳይኛቸው “ቦንዡር ዶክተር!” የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ እንኳ መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ታክሲ እየቀያየሩ እኛ ጋ ይመጡ ነበር። እዚያው ቅርባቸው ጤና ጣቢያ እንዳለ ስነግራቸው፣ “ሐኪምና ፀጉር አስተካካይ አይቀየርም” አሉኝ።

የእሳቸውን ግፊት ለማስተካከል ብዙ ደክመናል። መጀመሪያ የሰጠናቸው መድኃኒት እግራቸውን እንደ ዱባ አሳበጠው። ሁለተኛው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እያሳላቸው ጎረቤት አላስተኛ አለ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን ተስማማቻቸው። አሮጌ መድኃኒት ናት፤ ዋጋዋም ርካሽ ነው። በጤና መድን ካርዳቸው ከኛው ፋርማሲ በነጻ ይወስዷታል። ግፊታቸው ተስተካክሎ፣ ራስ ምታታቸው ጠፍቶ፣ “ልጄ ዶክተር፣ አሁንማ ባቡሩ ሐዲዱን ይዟል” ይሉኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ሽፈራው ከፋርማሲው መስኮት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

“ልጄ ዶክተር፣ የለም አሉኝ። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ከእንግዲህም አይመጣም አሉኝ።”

አላመንኩም። ተነስቼ ወደ ፋርማሲስቷ ሄድኩ።

“ዶክተር፣ እኔ ምን ላድርግ?” አለችኝ። “ከላይ ነው የቆመው። አሮጌውን አትጠይቁ፣ በአዲሱ ይተካል ተብለናል። ቅዳሜ ሥልጠና ላይ ይነግሯችኋል አሉ።”

“አዲሱስ የታለ?”

“እሱ ከግል ፋርማሲ ነው የሚገዛው። መድኑ አይሸፍነውም።”

ስለ አዲሱ ኪኒን ቀደም ብዬ አንብቤ ነበር። ሁለት አሮጌ መድኃኒቶች አንድ ካፖርት ለብሰው የመጡበት ነገር ነው። ለሚስማማው ሰው ክፉ አይደለም፤ ዋጋው ግን የጡረተኛ ዋጋ አይደለም። ከሁለቱ አንደኛው ደግሞ ያው የጋሽ ሽፈራውን እግር ያሳበጠው ነው። ነጯን ኪኒን ከግል ፋርማሲ ይግዙ እንዳልል፣ ትርፍ የላትምና የሚይዛት አልነበረም። በዚያው ሰዓት እዚህም እዚያም ደውዬ ጠየቅኩ። የለም፣ የለም፣ የለም።

“ቤት የቀረችዎት አለች?” አልኳቸው።

“እስከ እሑድ ታደርሰኛለች።”

“በሉ እንግዲያው አንድም ቀን እንዳይዘሉ። ይህች መድኃኒት ድንገት ስትቋረጥ ግፊቱ ይብሳል። ቅዳሜ አለቆቹን ፊት ለፊት አገኛቸዋለሁ፤ እነግራቸዋለሁ።”

ባርኔጣቸውን አነሱ። “ንገሪልኝ። እግሩ ያብጣል በያቸው። ይቺኛዋ ተስማምታዋለች በያቸው። የተማሩ ሰዎች አይደሉ? ይገባቸዋል።”

እኔም ይገባቸዋል ብዬ ሸኘኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ካዛንቺስ ወደሚገኘው ሆቴል ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ቦርሳ፣ እስክሪብቶና ጃንጥላ ይታደላል፤ ሁሉም ላይ የኪኒኑ ስም ታትሟል። ከመድረኩ በላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። በግራ በኩል የመሥሪያ ቤታችን ዓርማ፣ በቀኝ በኩል የመድኃኒት አስመጪው ድርጅት ዓርማ፤ ሁለቱም እኩል፣ እንደ ሙሽራና ሙሽሪት። የቱ ማንን እንዳገባ ለማወቅ ግን ምሳውን የከፈለውን መጠየቅ ይበቃል።

“ዶክዬ! በጣም ነው እኮ የጠበቅንሽ!” እያለ የድርጅቱ ተወካይ ናሆም መጣ። ናሆም ራሱ ፋርማሲ ተምሯል፤ አሁን ሥራው ከሐኪም ሐኪም እየዞሩ መድኃኒት ማስተዋወቅ ነው። ልብሱ ልክክ ያለ፣ ጥርሱ ነጭ፣ የሁሉንም ልጆች ስም የሚያውቅ ሰው ነው።

“የናንተ ጤና ጣቢያ ግን፣ ማለቴ፣ ባለፈው ወር ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል” አለኝ ፈገግ ብሎ። “አንቺ ራስሽ አዲሱን አንዴም አላዘዝሽም። ምነው፣ ተቀየምሽኝ?”

“እኔ ያዘዝኩትን አንተ በምን አወቅህ?”

“ከናንተው መሥሪያ ቤት ነዋ! ዳታውን ያጋሩናል። አብረን አይደል የምንሠራው?”

ይህን ሲናገር ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። በር ዘግቼ በሽተኛዬ ፊት የምጽፈው ማዘዣ የዚህ ልጅ ስልክ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እሱ ግን ጃንጥላውን አስይዞኝ ወደሚቀጥለው “ዶክዬ” አለፈ።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሥልጠናውን በንግግር ከፈቱ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸውም ሰፊ ነው። “የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ አጋርነት” የምትለዋን ሐረግ እንደ ጸሎት ደጋገሟት። ከሳቸው ቀጥሎ አንድ ስፔሻሊስት አዲሱ ኪኒን ከነባሮቹ ምን ያህል እንደሚበልጥ በስዕል አሳዩን። ሁለቱ ዓምዶች በእውነቱ የሚለያዩት ለጥቂት ነው፤ ስላይዱ ላይ ግን አንዱ ተራራ፣ አንዱ ጉቶ ሆኖ ተስሏል። ከዚያ አንድ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ተነስቶ የየጤና ጣቢያው ውጤት ከእንግዲህ የሚለካው ምን ያህል በሽተኛ ወደ አዲሱ ኪኒን እንዳዛወረ እየታየ መሆኑን ነገረን። አንደኛ የሚወጣው ፋብሪካውን ሊጎበኝ ውጭ አገር ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱ ጉዞ በኛ ቋንቋ “የልምድ ልውውጥ” ይባላል። እኛ ምን ልምድ ይዘን እንደምንሄድላቸው አልተነገረንም።

የጥያቄ ሰዓት ደረሰ። እጄን አወጣሁ።

የስብሰባ ጥያቄ እንዴት እንደሚስተናገድ ታውቃላችሁ። “ከጊዜ አንጻር ጥያቄዎችን እንሰብስብ” ይባላል። አንዱ ሐኪም የመኪና ማቆሚያው ጠቧል አለ። ሌላዋ የምስክር ወረቀቱ መቼ እንደሚሰጥ ጠየቀች። መሃላቸው ገብቼ እኔ ተናገርኩ።

“በነባሩ መድኃኒት ግፊታቸው የተስተካከለ ሰዎች አሉን። ስማቸውን የማልጠራው አንድ አባት አዲሱን የመግዛት አቅም የላቸውም። ቢገዙትም እግራቸውን ያሳብጠዋል፤ ከዚህ በፊት ሞክረነዋል። አሮጌው ከፋርማሲያችን ጠፍቷል። እሑድ ያልቅባቸዋል። ሰኞ ምን ልስጣቸው?”

ኃላፊው ማይኩን ያዙ። “ሦስቱም በጣም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው” አሉ። የመኪና ማቆሚያውን መለሱ። የምስክር ወረቀቱን መለሱ። “የዶክተሯን ጉዳይ ደግሞ በሻይ ሰዓት እናወራበታለን” አሉና ተቀመጡ። በሻይ ሰዓት ስፈልጋቸው ከአስመጪው ሥራ አስኪያጅ ጋር ኬክ ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ሲገቡ አየኋቸው። በሩ ላይ “ክቡር ኃላፊ” ስል ወደ ኋላ ዞረው “ነገ፣ ነገ” አሉኝ።

ምሳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ዶክተር ሔኖክ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። ጥብሱን እያላመጠ፣ “ሰብልዬ፣ በቃ ተይው” አለኝ። “አንቺ ብትጮኺ ጥብሱ ከመቀዝቀዝ ሌላ ምን ይመጣል?”

“ሰውዬው ሰኞ መድኃኒት የላቸውም እኮ!”

“የሁላችንም በሽተኛ የለውም” አለ። ቃሉ እውነት ነበረ፤ እሱ ግን እውነቱን በጥብስ አወራረደው።

እሑድም ያው ነበር። ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ፀዳለ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። የመሥሪያ ቤታችን የሥልጠና አስተባባሪ ናቸው፤ ሲራመዱ ተረከዛቸው ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል።

“ዶክተር ሰብለ፣ የአቋም መግለጫውን የምታነቢው አንቺ ነሽ።”

“ለምን እኔ?”

“ድምፅሽ ጥሩ ነው። ለጾታ ስብጥሩም ያስፈልገናል፤ መድረኩ በሙሉ ወንድ ነው።”

የአቋም መግለጫ ማለት፣ ለማታውቁ፣ የሥልጠናው ተሳታፊዎች በመጨረሻ በአንድ ድምፅ የምንወስነው ነገር ነው። ብቻ ገና ሳንወስነው ተጽፎ ይመጣልናል! ተቀብዬ አነበብኩት። ሦስተኛው ነጥብ እንዲህ ይላል፦ ነባሩን መድኃኒት ማዘዝ አቁመን አዲሱን በቀዳሚነት ልናዝ ቃል እንገባለን።

“ወይዘሮ ፀዳለ፣ ይህን ማን ጻፈው?”

“እናንተ ናችኋ።”

“እኛ መቼ?”

“ተሳታፊዎቹ” አሉኝ፤ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው። “የተሳታፊዎች አቋም ነው።”

“ሦስተኛውን ላውጣው። እኔ አልተስማማሁበትም።”

“አቋም አይወጣም፣ የኔ እመቤት፤ ይነበባል!” አሉና ተረከዛቸው እያዘዘ ሄዱ።

ስልኬን እንደታዘዝነው ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ መድረኩ ወጣሁ። ላንብብ ወይስ ልውረድ እያልኩ ነበር። ብወርድ ሌላ ያነበዋል። ኃላፊው መሃል ወንበር ላይ ሆነው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከፊት ያሉት የምስክር ወረቀታቸውን እየጠቀለሉ ነው። ከኋላ ያሉት ጃንጥላ ይቆጥራሉ። የሚቀርጸን የመሥሪያ ቤቱ ካሜራ ብቻ ያየኛል።

“አንደኛ፦ የተሰጠን ሥልጠና ከፍተኛ ግንዛቤ ያስጨበጠን በመሆኑ ላዘጋጁልን አካላት ያለንን ምስጋና እናቀርባለን!”

ጭብጨባ።

“ሁለተኛ፦ የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ አጋርነት ተጠናክሮ እንዲቀጥል የበኩላችንን እንወጣለን!”

ጭብጨባው እኔ ሳልጨርስ ጀመረ። ያኔ ነው የገባኝ። የሚሰማ ሰው የለም። ድምፄ ከፍ ብሎ ሲወርድ እጃቸው በራሱ ይነሳል። ውስጤ የነበረው ፍርሃት ወጥቶ በቦታው ንዴት ገባ። ንዴቱም ቀዝቃዛ ንዴት ነበር፤ ድምፄን እንኳ አላንቀጠቀጠውም። ወረቀቱን እንደያዝኩ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ማንበብ ጀመርኩ።

“ሦስተኛ፦ አዲሱ ኪኒን ከነባሮቹ በዋናነት የሚለየው በዋጋውና በማሸጊያው መሆኑን፣ በሽተኞቻችንም ሊገዙት እንደማይችሉ ጠንቅቀን እያወቅን፣ ለምሳና ለጃንጥላ ውለታ ስንል ብቻ ልናዝላቸው ቃል እንገባለን!”

አጨበጨቡ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አጨበጨቡ! የሕክምና ዲግሪ ያለው አዳራሽ በሙሉ አጨበጨበ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ያን ያህል ባዳ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቆም አልኩ። ቢያንስ አንድ ሰው “ምን አልሽ?” ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሔኖክ ብቻ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ጎረቤቱን አይቶ አፉን ዘጋ።

“አራተኛ፦ በነባሩ መድኃኒት ግፊቱ ተስተካክሎለት የኖረ ሰው መድኃኒቱን ተነጥቆ ለሚደርስበት ጉዳት ሁሉ ተጠያቂዎቹ እኛና በዚህ መድረክ ላይ የተቀመጡት አለቆቻችን መሆናችንን እናረጋግጣለን!”

ይህኛው ጭብጨባ ከሁሉ ደመቀ፤ የመጨረሻው ነጥብ መሆኑን አውቀዋላ። ኃላፊው ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ቀና ብለው፣ ፈገግ ብለው አጨበጨቡ። የመድረክ መሪው ማይኩን ተቀበለኝና “የቀረበው የአቋም መግለጫ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!” ሲል አወጀ።

ከሔኖክ ሌላ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በትክክል ያዳመጠኝ አንድ ሰው ናሆም ነበር። ለቡድን ፎቶ ስንሰለፍ አመድ መስሎ አጠገቤ መጣ።

“ዶክዬ... ያነበብሽው እኮ እኔ የጻፍኩትን አይደለም።”

“አንተ ነህ እንዴ የጻፍከው? እኔኮ የኛ አቋም መስሎኝ!”

“አይዞህ፣ ማንም አልሰማም” አልኩት። እውነትም ከሁሉም የከፋው ማንም አለመስማቱ ነበር።

ፎቶ ተነስተን ስልኬን ሳወጣ የምሥራቅ ጥሪ ተደራርቦ አገኘሁት። ምሥራቅ የጋሽ ሽፈራው ልጅ ናት። ደወልኩላት።

“ዶክተር፣ አባዬ!” ታለቅሳለች። “ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ጋደም ብሎ ነበር፤ ሲነሳ አፉ ተጣሞ፣ እጁም አልታዘዝ ብሎት! ምን ላድርግ ብዬ ነው የደወልኩልሽ፤ አታነሺም። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አምጥተነዋል።”

የታደለኝን ጃንጥላም ቦርሳም ወንበር ላይ ትቼ ወጣሁ። በፈረሰው በጋሽ ሽፈራው የቀድሞ ሰፈር ዳር በቆርቆሮ አጥሩ ሥር ታክሲ ፍለጋ ስሮጥ፣ የደወለችበትን ሰዓት አየሁ። እኔ መድረክ ላይ የቆምኩበት ሰዓት ነው። እነዚያ ሲያጨበጭቡ ሽማግሌውን ከፎቅ በብርድ ልብስ እያወረዷቸው ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ጋሽ ሽፈራው ኮሪደር ላይ ባለ አልጋ ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ወድቋል። አንድ እግራቸው ላይ የሚያበራው ጫማ አለ፤ ሌላው የለም። ምሥራቅ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

“መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር?” አልኳት።

“አንድ ቀን አልዘለለም! አትዝለል ብላኛለች ብሎ። ግን ግማሽ ግማሽ እየከፈለ ነው የዋጣት። ለምን ስለው፣ ‘ዶክተሯ እስክትነግራቸው ላቆያት’ ይለኛል።”

ሰውዬው ቃላቸውን ጠብቀዋል። እኔ አንድ ቀን አይዝለሉ እንጂ ለሁለት አይክፈሏት አላልኩም፤ መቼም ጡረተኛ ሊያልቅበት የደረሰውን ነገር ሁሉ ከፍሎ ማቆየት ያውቅበታል። ከአልጋው አጠገብ ጎንበስ ስል ዓይናቸው አወቀኝ። አፋቸው በአንድ ጎን ብቻ ተንቀሳቀሰ።

“ነ...ገር...ሻቸው?”

“ነገርኳቸው፣ ጋሽ ሽፈራው።”

“ም...ን አሉ?”

ልዋሽ አልቻልኩም። “አጨበጨቡ” አልኳቸው።

ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለ። ደህናው እጃቸው የኔን እጅ ፈልጎ ጨበጠ።

“ብ...ራቮ!” አሉኝ።

አለቆቹ ነገሬን ተቀብለዋል፣ ተስማምተዋል ማለት መስሏቸዋል። ኪኒናቸው ተመልሳለች ብለው ደስ አላቸው። እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት ሄጄ፣ ሰው ያየኛል ሳልል፣ ከልጅነቴ ወዲህ ያላለቀስኩትን ልቅሶ አለቀስኩ።

ከቀናት በኋላ ከሆስፒታል ሲወጡ ወጣቱ ሐኪም ማዘዣ ጻፈላቸው። አየሁት፤ አዲሱ ኪኒን ነው።

“ዶክተር፣ ይህ እግራቸውን ያሳብጠዋል” አልኩት።

“አዲሱ መመሪያ ነው፣ ዶክተር።”

“ነባሩን ጻፍላቸው።”

“ብጽፈውስ? እዚህም የለም እኮ” አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ደክሞታል። እሱም አንድ ሌላ ሆቴል ውስጥ አጨብጭቦ እንደመጣ ገመትኩ።

የኔን ጉዳይ ደግሞ ላሳጥረው። መሥሪያ ቤቱ ቪዲዮውን በፌስቡክ ገጹ ለቀቀው፤ “ተሳታፊዎቹ ጠንካራ አቋም በመያዝ ሥልጠናውን አጠናቀቁ” የሚል ጽሑፍ አክሎ። አንድ ሥራ ፈት እስከ መጨረሻው አየውና ለሌሎች ሥራ ፈቶች አስተላለፈው። ሳቁ ከተማውን ሲዞር ቪዲዮው ወረደ፣ እኔም ተጠራሁ። ኃላፊው ጠረጴዛቸውን መቱት።

“እኔን ነው ያዋረድሽኝ!”

“ክቡር ኃላፊ፣ አጽድቀውታል እኮ። ሲያጨበጭቡ ይታያሉ።”

“እኔ አልሰማሁም!”

“ታዲያ ለምን አጨበጨቡ?”

“ሰው ሲያጨበጭብ ጊዜ ነዋ!” ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ፀዳለ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ጣሪያው አዩ።

ሊከሱኝ አልቻሉም። ቢከሱኝ ምን እንዳልኩ መጻፍ ይኖርባቸዋል፣ ከጻፉት ደግሞ ምን እንዳጸደቁ ይጻፋል። ስለዚህ “ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል” ከከተማ ዳር ወዳለ ጤና ጣቢያ አዛወሩኝ። በቃለ ጉባኤው ላይ የናሆም አቋም የኛ ሆኖ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ፣ ሔኖክ እንደነገረኝ፣ የአቋም መግለጫውን የሚያነቡት ተሳታፊዎች አይደሉም፤ ወይዘሮ ፀዳለ ራሳቸው ናቸው። የጾታ ስብጥሩም በዚያው ተሟላ።

ጋሽ ሽፈራው በሕይወት አሉ። ነጯን ኪኒን ምሥራቅ ስትዞር ከርማ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ካለች አንዲት ትንሽ ፋርማሲ አግኝታለች፤ ባለቤቷ ለእሳቸው ብሎ ያስመጣላቸዋል። ንግግራቸው በመጠኑ ተመልሷል፣ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ምሥራቅ እሳቸውን ለማስታመም ሥራዋን ለቃለች። አለቆቹ ነገሬን ተቀብለው እንዳልነበር፣ ጭብጨባው ምን እንደነበር፣ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን እነግራቸው ይሆናል፤ ድፍረቱን ሳገኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔን የቀየረኝ መዛወሬ አይደለም። “አያውቁም፣ ስለዚህ ይነገራቸው” የምትለዋ እምነቴ እዚያ አዳራሽ ቀርታለች። ብትነግሩት የማይሰማ ሰው ካልሰማው ነገር ጋር እጁን አንስቶ ይስማማል። ከዚህ የከፋ ክህደት የለም፤ ምክንያቱም የካዳችሁ ሰው በጭብጨባ ይሸኛችኋል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሐኪማችሁ የተስማማችሁን መድኃኒት በአዲስ ሲቀይርባችሁ፣ “ዶክተር፣ ይህን የመረጡልኝ እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?” ብላችሁ ጠይቁ። አክብራችሁ፣ ግን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ጠይቁ። ምናልባት ይቆጣችሁ ይሆናል። ቢቆጣችሁ አይክፋችሁ፤ የተቆጣ ሰው ቢያንስ ሰምቷል። እኔ ያን እሑድ ከዚያ ሁሉ ሐኪም መሃል አንድ የተቆጣ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ እግሩ ላይ ወድቄ አመሰግነው ነበር።